በአንድ ዓመት የሚመለስ ጥያቄ፦ የመጨረሻ ዓመት የሥነ ልቦና መመረቂያ ጽሑፍ በመለኪያ፣ በናሙናና በኃላፊነት ሚዛን

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የመጨረሻ ዓመት የሥነ ልቦና ተማሪ በአጭር ጊዜና በትንሽ ገንዘብ የሚሠራው ጥናት ዋጋው የሚለካው በርእሱ ስፋት ወይም በውጤቱ ስታትስቲካዊ ጉልህነት አይደለም። ይህ ጽሑፍ ጥያቄው፣ መለኪያውና ናሙናው ሲመጣጠኑ ትንሽ ጥናትም የሚታመን እውቀት እንደሚሰጥ፣ ሳይመጣጠኑ ሲቀሩ ግን ትልቅ ናሙናም እንደማያድነው ያስረዳል። በተለይም በሌላ ቋንቋ የተዘጋጁ መጠይቆች ወደ አማርኛ ሲመለሱ የሚገጥሙ ችግሮችን፣ የናሙና ስሌት አመራረጥንና አጥኚው ለመላሹ ያለበትን ኃላፊነት በምሳሌ ያሳያል፤ በመጨረሻም ለአማካሪዎች ተግባራዊ ሐሳቦችን ያቀርባል።

መግቢያ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች በተለምዶ «ሲኒየር ኤሴይ» የሚሉት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለብዙ የሥነ ልቦና ተማሪዎች ከተማሪነት ወደ አጥኚነት የሚያሻግር የመጀመሪያው ሥራ ነው። እስከዚያ ድረስ ሌሎች የደረሱበትን ሲማር የቆየው ተማሪ፣ በዚህ ሥራ መልሱ በመጽሐፍ ያልተጻፈ ጥያቄ ይዞ ወደ ሰዎች ይሄዳል። ጊዜው ግን ጠባብ ነው። በመጨረሻው ዓመት መደበኛ ኮርሶች አሉ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል። በዚህ ጥበት ውስጥ ተማሪው የሚወስዳቸው አቋራጮች በአብዛኛው የታወቁ ናቸው፤ ሰፊ ርእስ ይመረጣል፣ መጠይቅ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ይገለበጣል፣ የናሙና ቁጥር ከሰንጠረዥ ይወሰዳል፣ ትንታኔው መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ይታሰባል።

የእነዚህ አቋራጮች ጉዳት በተማሪው ማርክ ላይ ብቻ አይወድቅም። መጠይቁን የሚሞላው ሰው ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ፍርሃቱ፣ አንዳንዴም መኖር ስለ መጥላቱ ለማያውቀው ሰው ይናገራል። ጥናቱ ምንም የማይናገር ከሆነ ይህ ሁሉ በከንቱ ተወስዷል ማለት ነው። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍን ጥራት መጠበቅ የትምህርት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባር ጉዳይም ነው።

ከርእስ ወደ ጥያቄ

ብዙ ተማሪ አማካሪውን መጀመሪያ ሲያገኝ ይዞ የሚመጣው ጥያቄ ሳይሆን ርእስ ነው። «ማኅበራዊ ሚዲያ በወጣቶች የአእምሮ ጤና ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚለው ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ርእሱ ጠቃሚ ቢሆንም በውስጡ ያሉት ጽንሰ ሐሳቦች ገና አልተወሰኑም። ማኅበራዊ ሚዲያ ሲባል በቀን የሚያልፈው ሰዓት ነው፣ የአጠቃቀሙ ዓይነት ነው ወይስ የሚታየው ይዘት? የአእምሮ ጤና ሲባል ጭንቀት ነው፣ እንቅልፍ ነው ወይስ በሕይወት መርካት? ከሁሉም በላይ «ተጽዕኖ» የሚለው ቃል ምክንያትንና ውጤትን ያመለክታል፤ ተማሪው የሚሠራው ግን ብዙውን ጊዜ መጠይቅ አንድ ጊዜ በትኖ በመሰብሰብ ነው። በዚህ መንገድ የተገኘ መረጃ ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን ያሳያል እንጂ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ አይናገርም። እንቅልፍ ያጣ ተማሪ ስልኩን ያነሣ ይሆናል፤ ስልኩን ያነሣ ተማሪም እንቅልፍ ያጣ ይሆናል፤ የሁለቱም ምክንያት የደረሰ ፈተና ሊሆን ይችላል።

ርእሱ ወደ ጥያቄ ሲለወጥ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ «በአንድ ትምህርት ክፍል የሚማሩ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች አልጋ ላይ ከወጡ በኋላ ስልክ የሚጠቀሙበት ጊዜ ከእንቅልፍ ጥራታቸው ጋር ይዛመዳልን?» ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው ርእስ ያነሰ ይመስላል። ሆኖም ተሳታፊዎቹ ይታወቃሉ፤ ሁለቱ ተለዋዋጮች ሊለኩ ይችላሉ፤ ዝምድና አለመኖሩን የሚያሳይ መልስም ሊገኝ ይችላል። አንድ የጥናት ጥያቄ በአንድ ዓመት ይመለስ እንደሆነ ለማወቅ የሚጠቅመው መፈተኛ ይኸው የመጨረሻው ነው፤ የትኛውም ውጤት ቢመጣ የማይሻር ጥያቄ ገና ጥያቄ አልሆነም።

ጥያቄው የሰዎችን ልምድ ከራሳቸው አንደበት መረዳት የሚፈልግ ከሆነ መጠይቁን ትቶ ጥቂት ሰዎችን በጥልቀት ማነጋገር ይሻላል። ይህ መንገድ ከቁጥር ለመሸሽ ሳይሆን ጥያቄው ስለሚጠይቀው መመረጥ አለበት። የተቀዳን ንግግር ወደ ጽሑፍ መገልበጥና በጭብጥ መለየት መጠይቅ ከመደመር የበለጠ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነው።

የመለኪያው ቋንቋ

ሥነ ልቦና የሚያጠናቸው ነገሮች በሜትርና በኪሎ አይለኩም። መለኪያው ቃል ነው፤ በመሆኑም የቃሉ ትርጉም ሲናጋ ልኬቱም ይናጋል። ተማሪዎች የሚጠቀሙባቸው መጠይቆች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ናቸው። ወደ አማርኛ ሲመለሱ በሪቻርድ ብሪስሊን በ1970 እ.ኤ.አ. የተብራራው የመልሶ ትርጉም ዘዴ በብዛት ይሠራበታል፤ አንዱ ወደ አማርኛ ይተረጉማል፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፣ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ይነጻጸራሉ። ዘዴው ጠቃሚ ነው፤ ግን ሁለቱም ተርጓሚዎች የተማሩ ሰዎች በመሆናቸው ሊያዩት የማይችሉት ጉድለት አለ።

«ድብርት» የሚለው ቃል ጥሩ ምሳሌ ነው። በሕክምናና በሥነ ልቦና ጽሑፎች ቃሉ የታወቀ የአእምሮ ጤና መታወክን ያመለክታል። በወጣቶች የዕለት ንግግር ግን «ደበረኝ» ማለት ሰለቸኝ፣ አልጣመኝም ማለት ነው፤ ቦታም ይደብራል፣ ፊልምም ይደብራል። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ድብርት ተሰምቶኛል» የሚል ዐረፍተ ነገር በመልሶ ትርጉም ፈተናውን ያልፋል፤ መላሹ ግን አሰልቺ ሳምንት ማሳለፉን እየተናገረ ሊሆን ይችላል። «ጭንቀት»ም እንዲሁ ነው። ድብርትን፣ ጭንቀትንና ውጥረትን በየራሳቸው 7 ዐረፍተ ነገሮች የሚለካው ባለ 21 ጥያቄ መጠይቅ የመጨረሻዎቹን ሁለት እንደ ተለያዩ ነገሮች ይወስዳቸዋል፤ በተራ አማርኛ ግን «ጭንቀት» ሁለቱንም ይሸፍናል።

የአማርኛ ሰዋስውም የራሱን ውሳኔ ይጠይቃል። ግሱ ጾታንና አክብሮትን ስለሚሸከም «ይሰማሃል»፣ «ይሰማሻል» ወይም «ይሰማዎታል» ከሚሉት አንዱ መመረጥ አለበት፤ ለሁሉም በወንድ አንቀጽ የተጻፈ መጠይቅ ሴት መላሿን ከመጀመሪያው ገጽ ይገፋታል። ዐረፍተ ነገሮችን «ይሰማኛል» በሚል በአንደኛ መደብ ማዘጋጀት ይህን ችግር ያቃልላል። በአሉታ የተጻፉ ዐረፍተ ነገሮች ሌላው ፈተና ናቸው። በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣው የሮዘንበርግ የራስ ግምት መለኪያ ካሉት 10 ዐረፍተ ነገሮች ግማሾቹ ነጥባቸው ተገልብጦ የሚቆጠር ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ሽሚትና ዩሪ አሊክ በ53 አገሮችና በ16,998 ሰዎች ላይ ያወጡት ጥናት በአሉታ የተጻፉት ዐረፍተ ነገሮች በየባህሉ በተለያየ መንገድ እንደሚተረጎሙ አሳይቷል። በአማርኛ «አይስማማኝም» የሚል ምርጫ «የምኮራበት ነገር የለኝም» ከሚል ዐረፍተ ነገር ጋር ሲገጥም፣ መላሹ ሁለት አሉታ አጣፍቶ አንድ አዎንታ እንዲያወጣ ይገደዳል።

ቋንቋው ቀርቶ ሰዓቱ ራሱ ልኬትን ሊያፈርስ ይችላል። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መለኪያ መላሹ የሚተኛበትንና የሚነሣበትን ሰዓት እንዲጽፍ ይጠይቃል፤ የተኛበትን ሰዓት በአልጋ ላይ ለቆየበት ሰዓት በማካፈልም የእንቅልፍ ብቃትን ያሰላል። ከምሽቱ 5 ሰዓት የሚተኛ ተማሪ በልማዱ «5» ብሎ ይጽፋል፤ የሚነሣበትን ግን ከስልኩ ማንቂያ ላይ «7» ብሎ ሊገለብጥ ይችላል። በአልጋ ላይ 8 ሰዓት የቆየው ሰው በስሌቱ 2 ሰዓት ብቻ የቆየ ይሆናል፤ 7 ሰዓት እንደተኛ ቢጽፍ የእንቅልፍ ብቃቱ 87.5 በመቶ መሆኑ ቀርቶ 350 በመቶ ይወጣል። ይህን ያህል የጎላ ስሕተት ይታያል፤ ግማሹ መላሽ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው አቆጣጠር ሲጽፍ የሚፈጠረው ትንሽ ስሕተት ግን ሳይታይ ወደ ውጤቱ ይገባል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ»፣ «ከጠዋቱ» የሚሉ ምርጫዎችን ከሰዓቱ ጎን ማስቀመጥና የትኛው አቆጣጠር እንደሚፈለግ በምሳሌ ማሳየት።

«መለኪያው በኢትዮጵያ ተፈትሿል» የሚለው ሐረግም በጥንቃቄ መነበብ ይኖርበታል። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ድብርትን ለመለየት በ1987 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው የኤዲንብራ መለኪያ ለዚህ አስተማሪ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በገጠር ኢትዮጵያ ሲፈተሽ ደካማ ሆኖ ተገኘ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄ የራስ ሪፖርት መጠይቅ ከእርሱ የተሻለ ሠራ። በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ጥናት ግን ያው የኤዲንብራ መለኪያ በአዲስ አበባ እናቶች ዘንድ ጥሩ ውጤት አስገኘ። አገሩ አንድ ነው፤ መላሾቹ ግን አንድ አይደሉም። እንግዲህ ተማሪው መጠየቅ ያለበት «ተፈትሿል ወይ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «በማን ላይ ተፈተሸ? የእኔ ተሳታፊዎች እነርሱን ይመስላሉ ወይ?» ብሎ ነው።

ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ለዚህ ጥያቄ መልስ አድርገው የክሮንባክ አልፋን ያቀርባሉ፤ ቁጥሩ ከ0.70 በላይ ከሆነ መለኪያው አስተማማኝ ተብሎ ይታለፋል። ሊ ክሮንባክ በ1951 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ይህ ቁጥር ዐረፍተ ነገሮቹ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ይናገራል እንጂ የታሰበውን ነገር መለካታቸውን አያረጋግጥም። ሁሉም መላሽ «ድብርት»ን መሰልቸት ብሎ ቢረዳው አልፋው ከፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ የተለካው ግን መሰልቸት ነው። ይህን የሚያጋልጠው ስሌት ሳይሆን ጭውውት ነው። ከዋናው ስብሰባ በፊት ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆኑ፣ ተሳታፊዎቹን የሚመስሉ ሰዎች መጠይቁን ጮክ ብለው ቢያነቡና እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በራሳቸው ቃል ቢያስረዱ ከሁለት ቀን ያልበለጠ ሥራ ብዙ ወራትን ያድናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ይህ እርምጃ ሲዘለል የሚመለሰው በትንታኔው ሰሞን ነው፤ ያን ጊዜ ግን የፈሰሰውን መልቀም አይቻልም።

የናሙና መጠን ከየት ይመጣል?

በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች የናሙና መጠን የሚወሰነው በክሬጂና ሞርጋን የ1970 እ.ኤ.አ. ሰንጠረዥ ነው። በሰንጠረዡ መሠረት 1,000 ሰዎች ካሉበት ሕዝብ 278 ይወሰዳሉ። ሰንጠረዡ ስሕተት የለበትም፤ የተዘጋጀው ግን ለሌላ ጥያቄ ነው። በሕዝቡ ውስጥ አንድ ባሕርይ ያላቸው ሰዎች ስንት በመቶ እንደሆኑ በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን ለመገመት ያገለግላል፤ ናሙናውም በዕጣ መወሰዱን ታሳቢ ያደርጋል። 278 መጠይቆች በቤተ መጻሕፍት በር ላይ ለተገኘው ሁሉ ሲታደሉ ቁጥሩ ይሟላል፤ ቁጥሩን ትርጉም የሚሰጠው ሁኔታ ግን አይሟላም።

ጥያቄው ስለ ዝምድና ሲሆን ስሌቱ የሚጀምረው «ምን ያህል ጠንካራ ዝምድና ይጠበቃል?» ከሚለው ነው። ጄኮብ ኮኸን በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጭር ጽሑፍ መሠረት፣ በ0.05 የጉልህነት ደረጃና በ80 በመቶ የማግኘት ዕድል፣ 0.30 የሚሆን መካከለኛ ተዛምዶን ለማግኘት 85 ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ 0.10 የሚሆነውን ደካማ ተዛምዶ ለማግኘት ግን 783 ያስፈልጋሉ። ስለዚህ በቀደመው ምሳሌ የስልክና የእንቅልፍ ዝምድና መካከለኛ ይሆናል ብሎ ለማሰብ በቂ ምክንያት ያለው ተማሪ፣ መጠይቃቸውን ተረድተው የሞሉ 85 ሰዎች ቢያገኝ በችኮላ ከተሞሉ 278 ወረቀቶች የተሻለ መልስ ይኖረዋል። ዝምድናው ደካማ ነው ብሎ የሚጠብቅ ተማሪ ደግሞ ብቻውን እንደማይወጣው ቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የትንታኔ ዕቅድ ነው። አንድ ተማሪ ምንም ዝምድና በሌለበት መረጃ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩ 20 ፈተናዎችን በ0.05 ደረጃ ቢያካሂድ፣ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ ብቻ ጉልህ ሆኖ የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ገደማ ነው። በጾታ፣ በዓመት፣ በሃይማኖትና በመኖሪያ ቦታ እየተከፋፈለ የሚፈለግ ውጤት ሳይገኝ አይቀርም። ይህ ድክመት የተማሪዎች ብቻ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት የወጣ ትብብር 100 የታተሙ የሥነ ልቦና ጥናቶችን ደግሞ ሲሠራ፣ መጀመሪያ 97 በመቶዎቹ ጉልህ ውጤት አሳይተው ሳለ በድጋሚው ጉልህ የሆኑት 36 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዋናውን ፈተና መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ቀን አስፍሮ ለአማካሪ ማስረከብ ይህን ፈተና የሚቀንስ ወጪ የሌለው ልማድ ነው።

ለመላሹ ያለ ኃላፊነት

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያጠናው እኩዮቹን ነው። ይህ ቅርበት በር ይከፍታል፤ ፈቃደኝነትንም ያደበዝዛል። መጠይቁ በክፍል ውስጥ፣ መምህሩ ባለበት ሲታደል «መሳተፍ በፈቃድ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ስም አለመጻፍም ሁልጊዜ ማንነትን አይሸሽግም፤ በአንድ ትንሽ ትምህርት ክፍል ዕድሜ፣ ጾታ፣ የመጡበት አካባቢና ሃይማኖት አብረው ሲጻፉ መላሹ ማን እንደሆነ ሊታወቅ ይችላል። ለትንታኔው የማያስፈልግ የግል መረጃ አለመጠየቅ የመጀመሪያው ጥበቃ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ የድብርት መለኪያዎችን ይመለከታል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣውና በብዙ ጥናቶች የሚታየው ፒ.ኤች.ኪው-9 የመጨረሻ ጥያቄው መላሹ መሞትን ወይም ራሱን መጉዳትን አስቦ እንደሆነ ይጠይቃል። አንድ ተሳታፊ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» የሚለውን ቢያከብብ አጥኚው ምን ያደርጋል? ወረቀቱ በከረጢት ውስጥ ለሦስት ሳምንት ቆይቶ ወደ ኮምፒዩተር የሚገባ ከሆነ ጥያቄው ተጠይቋል፤ መልሱን የሰማ ግን የለም። ስም የሌለው ወረቀት ከሆነ ደግሞ ቢነበብም የሚደረስበት ሰው የለም። ሁለት ሐቀኛ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው፣ ወረቀቶች በዕለቱ የሚታዩበትን፣ መላሹ የሚገኝበትንና ወደ ባለሙያ የሚሸኝበትን መንገድ ከዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት ጋር አስቀድሞ መስማማት ነው። ይህ ካልተቻለ፣ የመጨረሻውን ጥያቄ ትቶ ስምንቱን ብቻ የያዘውን የዚሁኑ መለኪያ ቅጂ መጠቀም ይገባል። ለመስማት ያልተዘጋጀ ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ መጠየቅ የለበትም።

ዝምድና ሳይገኝ ሲቀር

ከዚህ ሁሉ በኋላ ውጤቱ ጉልህ ላይሆን ይችላል። ተማሪው በዚህ ጊዜ ጥናቱ የከሸፈ ይመስለዋል፤ አንዳንዱም «ዝምድና የለም» ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ለምሳሌ ከ85 ሰዎች የተገኘ ተዛምዶ 0.12 ቢሆን፣ የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ በግምት ከአሉታ 0.10 እስከ 0.32 ይደርሳል። ይህ ክልል ብዙ ይናገራል፤ ጠንካራ ዝምድና መኖሩ የማይመስል መሆኑን፣ ደካማ ወይም መካከለኛ ዝምድና ግን ገና ሊኖር እንደሚችል ያሳያል። ይህን በሁለት ዐረፍተ ነገር አጥርቶ የጻፈ ተማሪ፣ ከሃያ ፈተና አንድ ኮከብ ለቅሞ ሦስት ገጽ ምክረ ሐሳብ ከጻፈው ይልቅ ጥናትን ተምሯል።

ማጠቃለያና ለአማካሪዎች የቀረበ ሐሳብ

የመመረቂያ ጽሑፍ መጠን በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሰውና በጥቂት ብር የተወሰነ ነው። ይህ ውሱንነት ጉድለት የሚሆነው ጥያቄው፣ መለኪያውና ናሙናው ሳያውቁት ሲቀሩ ነው። ከዚህ አንጻር አራት ነገሮች በትምህርት ክፍሎችና በአማካሪዎች እጅ ናቸው።

አንደኛ፣ መጠይቅ ከመመረጡ በፊት የጥናቱ ጥያቄ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጽፎ ይጽደቅ። «ተጽዕኖ» የሚለው ቃል የጥናቱ ንድፍ ምክንያትና ውጤትን ለመለየት ካልቻለ በ«ዝምድና» ይተካ። ሁለተኛ፣ መጠይቁ ጮክ ተብሎ በመላሾች ስለ መነበቡና ስለ ተለወጡ ቃላት የሚያስረዳ አንድ ገጽ የጽሑፉ አካል ይሁን። ሦስተኛ፣ የናሙናው ስሌትና ዋናው ትንታኔ ከመረጃው በፊት ተጽፈው ይቀመጡ፤ የማርኩ ሚዛንም ከውጤቱ ጉልህነት ይልቅ በእነዚህ ላይ ያርፍ። አራተኛ፣ ትምህርት ክፍሉ ተማሪዎች የተጠቀሙባቸውን የአማርኛ መጠይቆች፣ የታረሙ ዐረፍተ ነገሮችንና የታረሙበትን ምክንያት በአንድ መዝገብ ያቆይ።

የመጨረሻው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፍሬው ግን ከአንድ ተማሪ ያልፋል። ዛሬ «ድብርት» የሚለውን ቃል ያረመችው ተማሪ ሥራ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ መነሻ ይሆናል፤ የዘንድሮው 85 ተሳታፊም በተመሳሳይ መጠይቅና በተመሳሳይ አሠራር ከመጪዎቹ ዓመታት ተሳታፊዎች ጋር ሲደመር፣ አንድ ተማሪ ብቻውን ሊደርስበት የማይችለው 783 ከዐሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ይሞላል። ከድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አንዳንዶቹ ነገ አማካሪዎች ይሆናሉና፣ ይህን መዝገብ መጀመር ከእነርሱ የሚጠበቅ ሥራ ነው።